መኪና የማያልፍበት በር፤ በደን ውስጥ ያሉ የብስክሌት መንገዶች ዳሰሳ

ጆን ዲ. ሮክፌለር ታናሹ የስታንዳርድ ኦይል ወራሽ ነበር። አባቱ የናጠጠ ሀብታም የሆነው በነዳጅ ዘይት ነው፤ አሜሪካንም በመኪና ያጥለቀለቃት ይኸው ዘይት ነው። ልጁ ግን ከ1913 ጀምሮ በሜይን ግዛት፣ በማውንት ዴዘርት ደሴት ላይ፣ መኪና ድርሽ የማይልበት መንገድ ማሠራት ጀመረ። ፈረስና ሠረገላ የሚወድ ሰው ነበር፤ መኪና ወደ ደሴቲቱ እንዳይገባ ያግድ የነበረው ደንብ የላላውም በዚያው ሰሞን ነው። ሥራው እስከ 1940 ዘለቀ። በጠቅላላው 92 ኪሎ ሜትር ገደማ የጠጠር መንገድ ተሠራ፤ ከዚህ ውስጥ 72 ኪሎ ሜትር ያህሉ ዛሬ በአካዲያ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ይገኛል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሠረገላ ዛሬ በመንገዱ ላይ አልፎ አልፎ ቢታይ ነው። በደኑና በሐይቆቹ ዳር የሚመላለሱት በአመዛኙ እግረኞችና ብስክሌተኞች ናቸው። ሮክፌለር መንገዱን ሲያስጠርግ ስለ እነሱ አላሰበም። ፈረስ እንዳይደክምበት ብሎ ዳገቱን ያላላው፣ ሠረገላ እንዲዞርበት ብሎ ማጠፊያውን ያሰፋው ግን ሻንጣ ጭኖ ለሚጓዝ ብስክሌተኛ ልክ ሆኖ ተገኘ።

ይህ አጋጣሚ የአካዲያ ብቻ አይደለም። ከመኪና ተለይተው በደን መካከል የሚያልፉ የታወቁ የብስክሌት መንገዶች ሲዳሰሱ፣ አብዛኞቹ ለሌላ ጉዳይ ተሠርተው ኋላ ብስክሌት የወረሳቸው ሆነው ይገኛሉ። አንዱ የባቡር ሐዲድ የተነቀለበት መስመር ነው፤ ሌላው ጀልባ ይጎተትበት የነበረ የቦይ ዳር፤ ሌላው የባለጸጋ አደን ቦታ፤ ሌላው ግንድ ማውጫ። መንገዱ አስቀድሞ መኖሩ የሥራው ቀላል ክፍል ነው። ገንዘቡም ጭቅጭቁም የሚበዛው በሁለት ነገር ላይ ነው፦ መኪናን ማን ያስቆመዋል፣ መንገዱንስ በየዓመቱ ማን ያድሰዋል?

ከሐዲድና ከቦይ የተወረሰው

ለረጅም ጉዞ የሚመቸው ውርስ የባቡር መስመር ነው። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተራራውን ይዞራሉ፣ ሸለቆውን በድልድይ ይሻገራሉ፣ ካልሆነም ይሰረስራሉ። ሐዲዱ ሲነቀል የሚቀረው፣ ዳገቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 በመቶ የማያልፍ ለጥ ያለ መስመር ነው። በአሜሪካ ከሜሪላንዷ ከምበርላንድ እስከ ፒትስበርግ የሚዘልቀው የግሬት አሌጌኒ መንገድ የዚህ ዓይነት ነው። 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከ8,000 ሄክታር በላይ በሚሰፋው በኦሃዮፓይል ፓርክ ደን ውስጥ የዮክዮጌኒን ወንዝ ተከትሎ ያልፋል። የመጀመሪያው ቁራጭ የተከፈተው እዚያው ኦሃዮፓይል ላይ በ1986 ነበር። መስመሩ ሳይቆራረጥ ፒትስበርግ መሀል የደረሰው በ2013 ነው። ሐዲዱ የተዘረጋበት መሬት ተዘጋጅቶ ቢጠብቅም፣ መሬቱን ከባለይዞታዎች ማስመለስ፣ ድልድዮቹን መጠገንና ክፍተቶቹን መግጠም 27 ዓመት ወሰደ።

ከከምበርላንድ ወደ ዋሽንግተን ለሚቀጥል ሰው ደግሞ የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳር ይቀበለዋል። ቦዩ ከ1828 እስከ 1850 የተቆፈረ ነው። ጀልባዎቹን የሚጎትቱ በቅሎዎች የሚሄዱበት ጠባብ መንገድ ከጎኑ ይሄዳል፤ 74 የውኃ በሮች ጀልባዎቹን ደረጃ በደረጃ ከፍና ዝቅ ያደርጓቸው ነበር። በ1924 ጎርፍ ካበላሸው በኋላ ጀልባ መመላለሱ ቆመ። በ1950ዎቹ መንግሥት በቦዩ ላይ የመኪና መንገድ ሊያወጣ ሲያስብ ዋሽንግተን ፖስት ሐሳቡን ደግፎ ጻፈ። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረው ዊልያም ዳግላስ በጥር 1954 ለጋዜጣው ደብዳቤ ልኮ፣ የርእሰ አንቀጹ ጸሐፊ ቦዩን ዳር ለዳር አብሮት በእግሩ እንዲሄድ ጋበዘው። በመጋቢት ተነሡ። ከተነሡት ብዙ ሰዎች እስከ መጨረሻው የዘለቁት ዳኛውን ጨምሮ ዘጠኝ ብቻ ናቸው፤ ጋዜጣው ግን አቋሙን ለወጠ። ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ተብሎ የታወጀው በ1971 ነው። ዛሬ 297 ኪሎ ሜትሩን መንገድ ብስክሌተኞች በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ በተሰናዱ ነጻ የድንኳን ቦታዎች እያደሩ ይጨርሱታል።

ሁለቱ መንገዶች ሲገጣጠሙ ከ530 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናሉ፤ መንገደኛው ግን የገጸ ምድራቸውን ልዩነት ወዲያው ያውቀዋል። የሐዲዱ መስመር በደቀቀ ኖራ ድንጋይ የተጠቀጠቀ ስለሆነ ዝናብ ሲያባራ ቶሎ ይደርቃል። የቦዩ ዳር በብዙ ቦታ አፈር ነው፤ ሥርና ጉድጓድ ይበዛበታል፣ ዝናብ ሲጥል ጭቃው ከጭቃ መከላከያው ሥር ገብቶ ጎማውን ይይዛል። በቦዩ መስመር ላይ ያለው የፓው ፓው ዋሻ 950 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ብስክሌተኛ መብራት ይዞ፣ ወርዶ እየገፋ ቢያልፈው ይሻለዋል። በሌላው መስመር ላይ ያለው የቢግ ሳቬጅ ዋሻ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረዶ ግድግዳውን እንዳይሰነጥቀው በክረምት በሩ ይዘጋል፤ የክረምት ተጓዥ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ከአጥር ውስጥ

ሁለተኛው ዓይነት መንገድ የሚገኘው በታጠረ ቦታ ነው። በኔዘርላንድስ የሚገኘው የሆኸ ፌሉወ ብሔራዊ ፓርክ 5,400 ሄክታር ገደማ ሲሆን ደን፣ ቁጥቋጦና የሚንሸራተት አሸዋ ተቀላቅለውበታል። ነጋዴው አንቶን ክሮለር መሬቱን ከ1909 ጀምሮ እየገዛ ያጠረው ለአደን ነበር። ባለቤቱ ሔለን ክሮለር ሙለር ደግሞ ሥዕል ሰብሳቢ ነበረች። ሀብታቸው እየተመናመነ ሲሄድ ፓርኩ በ1935 ለፋውንዴሽን ተላለፈ፤ የሥዕሉ ሙዚየም በ1938 በደኑ መሀል ተከፈተ። የቫን ጎግን ሥራዎች ለማየት የሚመጣ ሰው እንግዲህ በደን ውስጥ ማለፍ ግድ ይለዋል፤ ብዙው ጎብኚ የሚያልፈውም በብስክሌት ነው።

ብስክሌቱን ይዞ መምጣት አይጠበቅበትም። በሦስቱ በሮች፣ በኦተርሎ፣ በሁንደርሎና በስካርስበርገን፣ ነጭ ቀለም የተቀቡ ብስክሌቶች ተደርድረው ይጠብቁታል። የመግቢያ ዋጋ የከፈለ ሰው ያለ ተጨማሪ ክፍያ አንዱን ያነሣል። ቁልፍ የላቸውም፤ ፍሬን የሚይዙት ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ ነው። አገልግሎቱ በ1970ዎቹ አጋማሽ በሃምሳ ያህል ብስክሌቶች ተጀምሮ ዛሬ ቁጥራቸው ወደ 1,800 ደርሷል። ሐሳቡ የመጣው ፕሮቮ የሚባሉ የአምስተርዳም ወጣቶች በ1965 ካቀረቡት የነጭ ብስክሌት ዕቅድ ነው። ዕቅዱ በከተማው አልሠራም፤ ብስክሌቶቹ ተሰረቁ፣ ፖሊስም ሰበሰባቸው። በፓርኩ የሠራው አጥር ስላለ ነው፤ ብስክሌት በበሩ ካልሆነ በቀር አይወጣም። ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የብስክሌት መንገድም ከመኪናው የተለየ ነው። መኪና ተጨማሪ ከፍሎ መግባት ይችላል፤ የሚሄደው ግን በተፈቀዱለት መንገዶች ብቻ ነው። መንገዱን በብርቱ የሚጠብቀው የመግቢያው ክፍያ ነው፤ ፓርኩ በዋነኛነት የሚተዳደረውም በዚያው ገቢ ነው።

የሥራ ደን ሌላ ጉዳይ ነው። በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘው የኪልደር ደን ከ1926 ጀምሮ እንጨት ለማምረት የተተከለ ነው። በመሀሉ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተጠናቀቀ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ፤ በዙሪያው 42 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ለእግረኛ፣ ለፈረሰኛና ለብስክሌት ክፍት ነው። ከዚያ ወጣ ባሉት የደን መንገዶች ላይ ግን ግንድ የጫነ ከባድ መኪና አለ። ዛፍ በሚቆረጥበት ሰሞን መንገዱ ይዘጋል፤ ተጓዡም ማስታወቂያውን አንብቦ አቅጣጫውን መቀየር አለበት። በኅዳር 2021 አርዌን የተባለው ማዕበል ብዙ ዛፍ ሲጥል መንገዶችም አብረው ተዘጉ። በሥራ ደን ውስጥ ብስክሌተኛው እንግዳ ነው፤ መንገዱ የሚታደሰውም እንጨቱ ገንዘብ ስለሚያመጣ ነው።

የተከፈተን መንገድ መዝጋት

እስካሁን የተጠቀሱት መንገዶች መኪና ለምዶ ያልሰፈረባቸው ናቸው። መኪና የለመደውን መንገድ መዝጋት የባሰ ፈተና ነው።

በዋሽንግተን ከተማ የሚገኘው ሮክ ክሪክ ፓርክ በ1890 የተቋቋመ፣ 700 ሄክታር ገደማ የሚሆን ደን ነው። በወንዙ ዳር የሚሄደው ቢች ድራይቭ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የመኪና ማቋረጫ ሆኖ ሲያገለግል፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የላይኛው ክፍሉ ቅዳሜና እሑድ ለመኪና ይዘጋ ነበር። በሚያዝያ 2020 በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት በሳምንቱ ቀናትም ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የፓርኮች አስተዳደር በ2022 አጋማሽ ያቀረበው ሐሳብ፣ መንገዱ ሙሉ ለሙሉ የሚዘጋው በበጋ ወራት ብቻ ይሁን የሚል ነበር። ሕዝቡ አስተያየት ሲሰጥ ውሳኔው ተቀየረ፤ በኅዳር 2022 የላይኛው ክፍል ዓመቱን ሙሉ ለመኪና ዝግ እንዲሆን ተወሰነ። የተቃወሙት ሰዎች ያነሡት ጉዳይ ዋዛ አልነበረም። መኪናው ወደ መኖሪያ ሰፈሮች ይፈልሳል፤ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ወደ ደኑ መግባት ይቸግራቸዋል ብለዋል። አስተዳደሩ ለዚህ የሰጠው መልስ፣ በፓርኩ ውስጥ ያሉ የመኪና ማቆሚያዎችና የሽርሽር ቦታዎች እስካሉ ድረስ መግባት የሚቻልባቸው መንገዶች ይኖራሉ የሚል ነው።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በተለይ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሚኖረው የሐበሻ ማኅበረሰብ ከአፍሪካ ውጭ ካሉት ሁሉ ትልቁ ነው ይባላል፤ የተዘጋው የቢች ድራይቭ ክፍል የሚያበቃውም ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማይርቀው የሜሪላንድ ወሰን ላይ ነው። እዚያ ልጁን ብስክሌት የሚያስተምር አባት የትኛው ማጠፊያ መኪና እንደማያሳልፍ ያውቃል።

የቫንኩቨሩ ስታንሊ ፓርክ ተቃራኒውን አሳይቷል። በ400 ሄክታር ደን ዙሪያ የሚሄደው የባሕር ዳር ግንብ መንገድ የታወቀ ነው፤ ብስክሌተኞች የሚሄዱት በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ከሰዓት ዘወርታ በተቃራኒ ነው፣ እግረኛውም የራሱ መስመር አለው። በ2020 ፓርኩ ለመኪና ሲዘጋ ሰዉ ወደ ውስጥ በብዛት ገባ። ከዚያም ከመኪናው መንገድ ላይ አንድ መስመር ለብስክሌት ተከለለ። መኪና ማቆሚያ ጠፋ የሚሉ ነጋዴዎችና ጎብኚዎች አቤት አሉ፤ በከተማው ምርጫ የፓርኩ ቦርድ ሲቀየር መስመሩ በ2023 ተነሣ። ሮክ ክሪክ በፌዴራል ውሳኔ ጸና፤ ስታንሊ ፓርክ ግን በየአራት ዓመቱ በሚመረጥ የከተማ ቦርድ እጅ ነበር።

ጠጠር፣ ውኃና ቁጥር

የአካዲያ መንገድ ከመቶ ዓመት በኋላም የሚኬድበት ሠሪዎቹ ስላልሰነፉበት ነው። ስፋቱ 5 ሜትር ገደማ ነው። ከሥር ትልልቅ ድንጋይ ይደረደራል፤ ከላዩ አነስ ያለ፣ ከዚያ በላይ የደቀቀ ጠጠር ይደረባል፣ መሀሉ እንደ ዓሣ ጀርባ ከፍ ይላል። ውኃው ወደ ሁለት ጎን ወርዶ በድንጋይ በተሠሩ መውረጃዎች ያልፋል። በጠርዙ ላይ የተተከሉት ጥርብ ግራናይቶች ሠረገላው ገደል እንዳይገባ ያግዱ ነበር፤ የአካባቢው ሰዎች የሮክፌለር ጥርሶች ይሏቸዋል። 17 ድልድዮቹም ድንጋይ ለብሰዋል፤ ከደኑ ጋር እንዲስማማ ተክሉን በማማከር የረዳችው ቢያትሪክስ ፋራንድ ነበረች።

እንዲያም ሆኖ መንገዱ ለዓመታት ሳይጠገን ቆይቶ በ1980ዎቹ ዳሩን ቁጥቋጦ ወርሶት፣ ውኃ መውረጃዎቹም ተደፍነው ነበር። ከ1992 እስከ 1995 የተደረገው ጥገና ከመንግሥት በጀትና የአካዲያ ወዳጆች ከሚባል ማኅበር በተገኘ ገንዘብ ተከናወነ። ማኅበሩ ለአንድ ጊዜ ብቻ ረድቶ አልተወውም፤ ወለዱ ለዓመታዊ ጥገና እንዲውል ቋሚ ገንዘብ አስቀመጠ። በረዶው በሚቀልጥበት የጭቃ ወቅት ደግሞ መንገዱ ለብስክሌትም ለእግረኛም ይዘጋል፤ ለስላሳውን ገጽ ጎማና ጫማ እንዳይቦድሱት ነው። የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳር ተመሳሳይ ፈተና ይገጥመዋል። በ1996 በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ በጥርና በመስከረም፣ የፖቶማክ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን አጥቦ ወስዶታል።

በደን ውስጥ ያለ ሰው ሌላው ችግሩ የት እንደደረሰ አለማወቅ ነው። አካዲያ በየመገናኛው ባለቁጥር ምሰሶ ይተክላል፤ ካርታ የያዘ ሰው ቁጥሩን አይቶ ቦታውን ያውቃል። ይህን ሐሳብ ወደ ሰፊ መረብ ያሳደጉት ቤልጅጎች ናቸው። በሊምበርግ ክፍለ ሀገር ያሉ የድንጋይ ከሰል ማዕድኖች በተዘጉ ጊዜ ሑጎ ቦለን የተባለ የማዕድን መሐንዲስ፣ ጉድጓድ ውስጥ መተላለፊያዎች የሚለዩበትን ዘዴ ከመሬት በላይ አወጣው። ለየመገናኛው ቁጥር ይሰጠዋል፤ ተጓዡ የሚያልፍባቸውን ቁጥሮች ጽፎ ይዞ ይነሣል። መረቡ በ1995 በሊምበርግ ተጀምሮ ዛሬ በቤልጅግና በኔዘርላንድስ ተስፋፍቷል። ሥራ ያጣው ክፍለ ሀገር ከዚህ ላይ የቱሪዝም ገቢ አበጀ። በ2019 በሔክተል ኤክሰል ባለው ቦስላንድ ደን የተከፈተው፣ 700 ሜትር የሚሆን ክብ መንገድ ቀስ እያለ 10 ሜትር ከፍ ብሎ በጥዶቹ ቅርንጫፎች መካከል ያልፋል፤ ብረት አዕማዱ ከዛፎቹ ግንድ ጋር ይመሳሰላሉ።

አብሮ መሄዱም ደንብ ይሻል። ፈረስ ብስክሌት ከኋላው ድምፅ ሳያሰማ ሲመጣ ይደነብራል፤ ስለዚህ አካዲያ ውስጥ ብስክሌተኛ ለፈረስም ለእግረኛም ቅድሚያ ይሰጣል። የሮክፌለር መንገዶች ከፓርኩ ወጥተው በግል ይዞታ ላይ ባሉበት ቦታ ብስክሌት ጨርሶ አይገባም። በሞተር የሚታገዝ ብስክሌት አዲሱ አከራካሪ ነው፤ ፓርኩ ፔዳል ሲረገጥ ብቻ የሚያግዘውን ዓይነት ሲፈቅድ ሌሎቹን ከልክሏል፤ የፍጥነት ገደቡም ለሁሉም በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እንጦጦና ሱባ

በኢትዮጵያ ይህን ጉዳይ ቅርብ ያደረገው መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ነው። ከተራራው ሰንሰለት በስተደቡብ ያለችው አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት አፄ ምኒልክ ያስመጡት ባሕር ዛፍ ለተራራው ደን ሆነ። በደኑ ውስጥ ማገዶና ቅጠል የሚሸከሙ እናቶች የሚሄዱባቸው ጥርጊያዎች፣ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ የሚወስዱ መንገዶችና የእረኛ ዱካዎች አሉ፤ ፓርኩ ከነብስክሌት መንገዶቹ በእነዚህ መካከል ተሠርቷል። እንደ ሌሎቹ ሁሉ እዚህም ውርሱ ቀድሞ ነበር።

ችግሩ በሩ ድረስ መድረስ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ የሚወጣው አስፋልት ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ ሚኒባስ፣ የጭነት መኪናና የግል መኪና ይጋፉበታል፤ ከፍታውም ሳንባን ይፈትናል። ብስክሌቱን በመኪና ጭኖ የሚወጣ ወይም እዚያው የሚከራይ ሰው ይደሰታል፤ ከቤቱ በፔዳል የሚነሣ ሰው ግን አስቸጋሪው ክፍል ላይ ከመኪናው ጋር ይቀራል። አካዲያ ይህን የፈታው በ1999 በተጀመረው ነጻ አውቶቡስ ነው፤ ብስክሌት የሚጭን ተጎታች ከባር ሃርበር ከተማ ወደ ኢግል ሐይቅ መንገደኞችን ያደርሳል። ለእንጦጦ የሚስማማው እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ወይም ከስድስት ኪሎ ብስክሌት ጭኖ የሚያወጣ አውቶቡስ ሁለተኛ መንገድ ከመቅደድ ይረክሳል። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በተጀመረው የመንገድ ለሰው ቀን ሰዉ ከመኪና ነፃ በሆነ ጎዳና እንዴት እንደሚወጣ አዲስ አበባ አይታለች፤ ያን ልምድ ወደ ተራራው ማሻገር የሚጠይቀው የትራንስፖርት ትስስር ነው።

ከከተማዋ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ደግሞ ከእንጦጦ የተለየ ነው። በትውፊት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው ይባላል። ረጃጅም የሐበሻ ጥዶችና ዝግባዎች አሉበት፤ ደኑን የሚጠብቁ ሠራተኞች የሚገለገሉበት የአፈር መንገድ በመሀሉ ይወጣል። እንደ ኪልደር የሥራ መንገድ ነው፤ እንደ ቦዩ ዳር ክረምት ሲገባ ይጨቀያል። ለተራራ ብስክሌት የሚመች ቢሆንም፣ በሰኔና በነሐሴ መካከል የመኪናም የብስክሌትም ጎማ ካልታገደ መንገዱ ወደ ጎርፍ መውረጃ ይለወጣል።

እንጦጦም ሆነ ሱባ ላይ የሚነሡት ሥራዎች ከላይ የተነሡት ናቸው። ለእንጦጦ አስቸኳዩ ከከተማው እስከ ፓርኩ በር የሚያደርስ አገልግሎት ነው፤ ለሱባ ደግሞ የክረምት መዝጊያ ደንብና ውኃ መውረጃ። የሁለቱም አስተዳዳሪዎች ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄ፣ ከመግቢያ ክፍያው ውስጥ ምን ያህሉ ለመንገዱ ጥገና በየዓመቱ እንደሚመደብና ማን እንደሚቆጣጠረው ነው።